ሁለት በሬ፣ አንድ ክላሽ

የቤታችን ቆርቆሮ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። የትንሽ ጣት ጫፍ እንኳ በደንብ አታስገባም። ጮሌ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር በእሷ በኩል የሚወርደውን ውሃ እናቴ በጣሳ ትቀበለዋለች። "አባባ፣ ለምን አናስደፍናትም?" ብዬ ስንቴ ጠየቅሁት። መልሱ ሁሌም አንድ ነው። "ተዋት፤ ትንጠባጠብ።"

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ቀዳዳና ከእሷ በፊት ቤተሰባችን ስላደረጋቸው ሦስት የገበያ ጉዞዎች ነው። የገበያው ዕቃ ጫማ አይደለም፣ ስልክም አይደለም። ጠመንጃ ነው።

የአያቴ ምንሽር

የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው አያቴ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን። እኔ በወሬ ነው የማውቀው። ከወንድሙና ከአማቹ ጋር ሆኖ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ አንድ ያረጀ ምንሽር ገዝቶ ተመለሰ። "ጠመንጃ ለብቻ አይገዛም" ይል ነበር። አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ አፈሙዙን ያያል፣ አንዱ ምስክር ይሆናል። መንገድ ላይ ሽፍታ ቢመጣም ሦስት ሰው ከአንድ ይሻላል። ያን ምንሽር ለሠርግና ለለቅሶ ይዞት ይወጣል እንጂ ሰው ላይ ተኩሶበት አያውቅም። በዚያ ዘመን ወንድ ያለ ጠመንጃ አደባባይ ሲወጣ ራቁቱን የወጣ ይመስለው ነበር።

አያቴ ከሸዋ የመጣ ሰው ነው። አኮ፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ የአርሲ ልጅ ናት። አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት የጠመንጃ ታሪክ ነበር ማለት ነው።

የአያቴ ታሪክ የዓድዋ ነው። ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቢን እያለ ሲቆጥር ዘመድ የሚጠራ ነበር የሚመስለው። አገራችን ለጠመንጃ ገበያ አዲስ አይደለችም። ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፣ ከታጁራ ተነስቶ ለወራት በረሃ አቋርጦ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገብቷል። ያሰበውን ያህል አላተረፈም። ንጉሡ ዋጋ ሲከራከሩ ቀላል ሰው አልነበሩም። እንዲህ እየተጠራቀመ የመጣው መሣሪያ ነው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር የጠበቀው።

የአኮ ታሪክ ግን ከዓድዋ አሥር ዓመት ይቀድማል። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ጦር ወደ አርሲ ሲዘምት አርሲዎች በፈረስና በጦር ለዓመታት ተቋቋሙት። በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዙሌ ላይ ግን ጦርና ጋሻ ከጠመንጃ ጋር ተገናኘ። ውጤቱን መገመት አያቅትም። አኮ ይህን የሰማችው ከአያቷ ነው። ስትነግረን ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ "ጀግና አልጠፋም ነበር፤ ጥይት ግን ጀግና አይመርጥም" ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። ዛሬ እናንተ ኮሜንት ላይ እንደ ስድብ የምትወራወሩት "ነፍጠኛ" የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከነፍጥ ነው፤ ነፍጥ ጠመንጃ ነው። አንዱ ጠመንጃ ለአንዱ ኩራት፣ ለሌላው ቁስል ሆኖ እዚሁ ምድር ላይ ቀርቷል። እኛ ቤት ደግሞ ሁለቱም አንድ ረከቦት ዙሪያ ቁጭ ይሉ ነበር።

በአንድ በግ ዋጋ

ሁለተኛው ጉዞ የአባቴ ነው። ዘመኑ 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ የወደቀ ሰሞን። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት በገፍ የገባው ክላሽ ባለቤት አጥቶ ሜዳ ላይ የፈሰሰበት ጊዜ ነበር። የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደየአገሩ ይሄዳል። የራበው ወታደር መሣሪያውን ለዳቦ ይሸጣል። ያኔ ጎረምሳ የነበረው አባቴ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሄዶ ክላሽ የገዛው አንድ በግ በማይገዛ ገንዘብ ነበር።

"ልጁ እኩያዬ ነው" ይላል አባቴ ስለ ሻጩ ሲያወራ። "መሣሪያውን ሰጥቶኝ ብሩን ሳይቆጥር 'ውሃ አለህ?' አለኝ። እስከ ዛሬ ፊቱ አይጠፋኝም።"

ያ ክላሽ እኛ ቤት ብዙ አልቆየም። አዲሱ መንግሥት መሣሪያ አስረክቡ ሲል አባቴ አስረከበ። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ቤታችን ውስጥ ከማጭድና ከመጥረቢያ ሌላ ስለት እንኳ አልነበረም። እኔ የተወለድኩት በዚያ ጊዜ ነው። ልጅነቴ ገብስ፣ ፈረስ፣ ብርድና ኳስ ነበር።

የስልኬ መብራት

ሦስተኛውን ጉዞ እኔም ሄጃለሁ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በቀጣዮቹ ቀናት በኦሮሚያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ኋላ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት 123 ሰው መሞቱን፣ ቢያንስ 500 ሰው መጎዳቱን ዘርዝሯል። አርሲም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ወሬው የሚደርሰን በሰው አፍ ነው። በሰው አፍ የሚመጣ ወሬ ደግሞ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያወራው። "ማታ ቢመጡብን በምን ልንከላከል ነው? በአካፋ?" አባቴ ለወራት ዝም አለ። እናቴ አለቀሰች። በ2013 ዓ.ም. አንድ ማለዳ አባቴ ሁለቱን በሬዎች ከበረት ሲያወጣ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

ሦስት ሆነን ሄድን፤ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ። የሄድንበትን ከተማ አልጠራም። ደላላው ወደ አንድ ጓሮ አስገባን። ወንድሜ ዋጋ ተከራከረ። የእኔ ሥራ አፈሙዙ ውስጥ በስልኬ መብራት ማብራት ነበር። አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና "ደህና ነው" አለ። በቃ። የሁለት በሬ ዋጋ፣ በላዩ ላይ ለእህቴ የነርስ ትምህርት አሰላ ለሚገኝ ኮሌጅ ሊከፈል የተቀመጠው ብር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሲመለሱ ወንድሜ በደስታ ፊቱ በርቷል። አባቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ውጭ ውጩን ያያል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያደረግነው ወንጀል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም፣ መግዛትንም፣ መሸጥንም ይከለክላል። የመቆጣጠሩን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል ፖሊስ ነው። እኛ ፈቃድ አልነበረንም። ሻጩም ደረሰኝ አልቆረጠም።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀ። እዚያ አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስቦ ሱቅ ገብቶ ጠመንጃ ይመርጣል። ፎርም ይሞላል፣ ሻጩ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል መመዝገቢያ ስም ያጣራል፣ ካርድ ይቧጨራል፣ ከዚያ በርገር ይበላል። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት አሜሪካውያን እጅ 393 ሚሊዮን መሣሪያ አለ። ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። "ታዲያ ሰላም አገኛችሁ?" አልኩት። ሳቁን አቆመ። "ልጄ ትምህርት ቤት ተኩስ ቢነሳ የት እንደምትደበቅ ይለማመዳሉ" አለኝ። ሱቁም፣ ፎርሙም፣ በርገሩም እያለ።

ጎረቤትም ገዛ

ክላሹ ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ወር ደህና ነበር። ወንድሜ ይወለውለዋል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፈው አባቴ ነው ያስቆመው። ቤት ውስጥ ግን እንቅልፍ ጠፋ። ድሮ ውሻ ሲጮህ "ጅብ ይሆናል" ብለን ተገላብጠን የምንተኛ ሰዎች አሁን ወንድሜ ተነስቶ በር ላይ ይቆማል። መሣሪያው ፍርሃታችንን ያባርራል ብለን ነበር፤ እሱ ግን ለፍርሃቱ ቦታ አዘጋጅቶለት አረፈ።

ከዚያ ጎረቤታችን ሰማ። ጠዋት ጠዋት ቡና የምንጠራራ፣ በደቦ አብረን የምናጭድ ጎረቤት። እሱም ከሁለት ልጆቹ ጋር አንድ ቀን ጠፋ፤ በነጋታው ተመለሰ። ምን ገዝቶ እንደመጣ ማንም አልነገረንም፤ ግን ሁላችን አወቅን። የሚገርመው እሱ የገዛው እኛን ፈርቶ ነው። እኛ ደግሞ የእሱን ስንሰማ ተጨማሪ ጥይት ገዛን። ያኔ አኮ ምን አለች? "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።" ቡናው ቀዘቀዘ። መጠራራቱም ቀረ።

ቀዳዳዋ የመጣችው በዚያው ክረምት ነው። ትንሹ ወንድማችን፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ አልጋ ሥር ገብቶ ክላሹን ጎተተው። እንደ ፊልም ሊሠራ። እኔ ደጅ ገብስ እያሰጣሁ ነበር። ድምፁን ስሰማ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ስገባ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሽንቱ ወርዷል፣ ጆሮውን ይዟል። ጥይቷ ጣራውን በስታ ወጥታለች። ከአልጋው ትይዩ ደግሞ እናቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ መሣሪያው አልወጣም። ቦታ ብቻ ቀየረ። ሰው ሁለት በሬ ያወጣበትን ነገር ስህተት ነው ለማለት ይከብደዋል።

ሲንቄ

ያስወጣው የድንበር ጠብ ነው። በሬ ስለሌለን በተውሶ ነበር የምናርሰው። ወንድሜ ሲያርስ የጎረቤታችንን ድንበር አለፈ ተባለ። ሁለት ሞፈር የማይሞላ መሬት። ድሮ ቢሆን በአንድ ቡና የሚያልቅ ነገር። አሁን ግን ሁለቱም ጎረምሶች ተሳድበው፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ወደየቤታቸው ሮጡ። ለምን እንደሮጡ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

አኮ ያኔ ሰማንያ ዓመት ያለፋት ናት። ስትሄድ ጉልበቷን ይይዛታል። ያን ቀን ግን ከግድግዳው ላይ ሲንቄዋን አውርዳ እንዴት እንደወጣች ማንም አላየም። ሲንቄ ለማታውቁት፣ የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ቀጥ ያለች ቀጭን ዘንግ ናት። ለመምቻ አይደለችም። የሴቲቱ ክብር ምልክት ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣላ መሃል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ እነሱን አልፎ መምታት ነውር ብቻ ሳይሆን የሥርዓት ጥሰት ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል ናት።

አኮ እየጮኸች ስትወጣ የሰፈሩ ሴቶች ተከተሏት። ከእነሱ አንዷ የጎረቤታችን ሚስት ነበረች። ወንድሜ ክላሹን ይዞ ሲደርስ በእሱና በዚያኛው ልጅ መሃል አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። አኮ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ወንድሜ ቆመ። ያኛውም ቆመ። ያ ጸጥታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ቀድሞ አፈሙዙን ወደ መሬት ያወረደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሁለቱ ቤቶች ይከራከራሉ። ደስ የሚል ክርክር ነው።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ድንበሩ በገመድ ተለካ፤ ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። አባቴ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሁለቱም ቤት መሣሪያውን በአንድ ቀን፣ አብሮ ሄዶ ለፖሊስ ያስረክብ። አንዱ ቀድሞ ከሰጠ ሌላው ያምታታል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። አውስትራሊያ በ1996 እ.ኤ.አ. ከጅምላ ግድያ በኋላ ወደ 650 ሺህ መሣሪያ ከሕዝቧ ስትሰበስብ የተሳካላት ሁሉም በአንድ ሕግ ሥር፣ በአንድ ጊዜ ስለሰጠ ነው። ለብቻህ ትጥቅ ፍታ ብትባል ማን እሺ ይላል?

ይህ አራተኛው የቤተሰባችን ጉዞ ሆነ። የዚያን ቀን ሁለት ቤተሰብ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቆ ሄደ።

ወንድሜ አሁንም በደንብ አልተዋጠለትም። "ነገ አንድ ነገር ቢመጣ መንግሥት ይደርስልናል?" ይለኛል። ይህን ጥያቄ በቀልድ አላልፈውም። ከዚያ ወዲህም አርሲ ውስጥ ሰው በቤቱ እንዳለ ተገድሏል። ለዜጋው በሰዓቱ የማይደርስ መንግሥት ባለበት አገር፣ በሬ ሸጦ ክላሽ የሚገዛ ገበሬን ሞኝ ነው ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያ ክላሽ እኛ ቤት በቆየበት ጊዜ አንድም ጠላት አላባረረልንም። ሊገድል የነበረው እናቴንና የጎረቤታችንን ልጅ ነው። ሲጨንቀን የደረሱልን ሴቶቹ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

ክላሽን የሠራው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ሊሞት አካባቢ ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ፣ የፈጠረው መሣሪያ ለነጠቀው የሰው ሕይወት ተጠያቂው እሱ ይሆን እንዴ ብሎ መጨነቁን ነግሯቸዋል። ይህን ለአባቴ ከስልኬ ላይ ሳነብለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እሱ የሠራው ነው፤ እኔ'ኮ የገዛሁት ነኝ" አለ።

እህቴ ሁለት ዓመት ዘግይታ ትምህርቷን ጀምራለች። አንድ በሬ ገዝተናል፤ ጎረቤታችንም አንድ አለው፤ አቀናጅተን እናርሳለን። ቡናው ተመልሷል። ቀዳዳዋ ግን እዚያው አለች። ፀሐይ ሲወጣ በእሷ በኩል አንዲት ቀጭን ብርሃን ገብታ እናቴ ምስር የምትለቅምባት በርጩማ አጠገብ ታርፋለች። ትንሹ ወንድሜ ማለዳ ማለዳ ያቺን ብርሃን ሳይረግጥ ዞሮ ነው የሚያልፈው።