ከጅምላ ገበያው ጀርባ ያለችው ጓንዡ

መርካቶ ልብስ፣ ጫማ ወይም ቦርሳ የሚነግድ ሰው ጓንዡን በዓይኑ ባያያት እንኳ ስሟን ያውቃል። ከቦሌ በቀጥታ ወደዚያ የሚበረው አውሮፕላን ነጋዴ አያጣም። ብዙው ተጓዥ ግን ከሆቴሉ፣ ከጅምላ ገበያውና ከካርጎ ቢሮው ሌላ ሳያይ ይመለሳል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ይህችን በፐርል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት የደቡብ ቻይና ከተማ ለማየት ከንግዱ መራቅ አያስፈልግም። ታሪኳ ራሱ ንግድ ነው።

ጉብኝቱ ከሺሳንሃንግ ቢጀመር ይሻላል። ዛሬ የልብስ ጅምላ መሸጫ ነው፤ ገና በማለዳው ተሸካሚዎች የታሰረ ዕቃ በጋሪ እየገፉ መንገዱን ይሞሉታል። በ1757 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ንጉሠ ነገሥቱ ቺያንሎንግ የአውሮፓ ነጋዴዎች በዚህች ከተማ ወደብ ብቻ እንዲነግዱ አዘዘ። ፈረንጆቹ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ በወንዙ ዳር ባለች ጠባብ ቦታ ተወሰኑ። ሚስቶቻቸውን ይዘው መምጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። ሻይ፣ ሐርና ሸክላ የሚገዙትም መንግሥት ፈቃድ በሰጣቸው የቻይና ነጋዴዎች በኩል ብቻ ነበር። ይህ አሠራር ከመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በኋላ በ1842 ፈረሰ፤ የፈረንጆቹ መጋዘኖችና ቢሮዎችም በ1856 ተቃጠሉ። ሕንፃዎቹ የሉም፣ ስሙና ገበያው ግን እዚያው ናቸው።

ከዚያ ጥቂት በእግር ሲኬድ ሻሚየን ደሴት ይገኛል። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ የተካፈሉት ቁራጭ መሬት ነው፤ አራት አምስተኛው ለእንግሊዝ፣ ቀሪው ለፈረንሳይ። ባንኮቻቸውና ቆንስላዎቻቸው የነበሩት የድንጋይ ሕንፃዎች በትልልቅ የባንያን ዛፎች ጥላ ሥር ዛሬም ቆመዋል። ደሴቱን ከከተማው የሚያገናኙት ድልድዮች በዚያ ዘመን ሌሊት ይዘጉ ነበር። አሁን ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ጸጥ ያለ ሰፈር ሆኗል።

የድሮ ነጋዴዎች መኖሪያ የነበረው ሺጓን ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። የቤቶቹ የላይኛው ፎቅ በእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ ብሎ በዓምዶች ስለሚያርፍ፣ የጓንዡ ፀሐይም ዝናብም ሲበረታ ሰው ከሥሩ እየተጠለለ ይሄዳል። ጠዋት ወደ ሻይ ቤት ጎራ ማለት የግድ ነው። ሽማግሌዎች ጋዜጣ ዘርግተው፣ ቤተሰብ ክብ ጠረጴዛ ከቦ፣ በእንፋሎት የበሰሉ ትንንሽ ምግቦች በቀርከሃ ሙዳይ እየተደራረቡ ይቀርባሉ። ልክ እንደ ቡናችን፣ ከመጠጡ ወሬው ይረዝማል። ሻይ ሲቀዳልዎት በጣቶችዎ ጠረጴዛውን መታ መታ ካደረጉ ምስጋና ነው፤ ማንቆርቆሪያው ባዶ ከሆነ ክዳኑን ገለጥ አድርገው ይተዉት፣ አስተናጋጁ ፍል ውኃ ይጨምርበታል። ከምግቡ ብዙው የአሳማ ሥጋ ስላለበት የማይበላ ሰው ቀድሞ ይጠይቅ።

በዚያው አቅጣጫ የቼን ቤተ ዘመድ አዳራሽ አለ። ቼን የሚባሉ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው በ1894 ያስጨረሱት ሲሆን፣ ለመንግሥት ሹመት ፈተና ከገጠር የሚመጡ ልጆቻቸው ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ፈተናው ራሱ በ1905 ቀረ! አዳራሹ ግን በእንጨት፣ በድንጋይና በሸክላ ቅርጹ ከተማዋ ካሏት ሕንፃዎች ሁሉ የሚያስደምም ነው። አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ይምረጥ።

ዩዌሺዩ ፓርክ ውስጥ የአምስት ፍየሎች ሐውልት ቆሟል። አፈ ታሪኩ አምስት ቅዱሳን በፍየሎች ተቀምጠው መጥተው ለሕዝቡ የሩዝ እሸት ሰጡ ይላል። ከፓርኩ አጠገብ ደግሞ በ1983 በግንባታ ቁፋሮ የተገኘው የናንዩዌ ንጉሥ መቃብር አለ። ከ2,000 ዓመት በፊት የተቀበረው ንጉሥ በሐር ክር በተያያዙ የጄድ ድንጋዮች ልብስ ተገንዟል። እኔን ያስገረመኝ ግን አብሮት ከተቀበረው መካከል ዕጣንና ከአፍሪካ የመጣ ነው የሚባል የዝሆን ጥርስ መኖሩ ነው።

አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ሺያዎቤይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ቁጥራቸው ቢቀንስም፣ ከሳኒዩዋንሊ ሰፈር ጋር እስካሁን የሚታወቅበት ሥራ ያው ነው፦ ናሙና ማየት፣ መደራደር፣ ኮንቴይነር መሙላት። ጥንታዊው የኋይሼንግ መስጊድም በዚሁ በድሮው ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ ባሕር አቋርጠው የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የቆየ ምስክር ነው።

ስለ አዲሱ ከተማ ብዙ ማለት አያሻም። 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ታወር በ2010 ተከፍቷል። ወደ ላይ ለመውጣት ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ ማታ ከወንዙ ማዶ ሆኖ በነጻ ማየቱ ያረካል።

ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው የክፍያና የካርታ መተግበሪያዎችን ከአገሩ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ጎግል እዚያ አይሠራም። ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር፣ ትልቁ የካንቶን የንግድ ትርኢት ይካሄዳል፤ ያን ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይንራል። በትርኢቱ ጉዳይ ከሌለዎት ሌላ ሳምንት ይምረጡ።