«ምንጨ ክፍት»፦ ስያሜውና የተርጓሚው ድርሻ

«ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ በ1998 እ.ኤ.አ. የቀረበው፣ ቀድሞ የነበረው «ፍሪ ሶፍትዌር» ነፃነትንና ያለ ዋጋ መገኘትን እያደባለቀ ስላስቸገረ ነው። በአማርኛ «ክፍት ምንጭ» ይባላል፤ ይህ ግን ምንጩን እንጂ ፕሮግራሙን አይገልጽም። በ«ልበ ሙሉ» እና በ«እጀ ጠባብ» አምሳያ «ምንጨ ክፍት» ቢባል ለፕሮግራሙ ቅጽል ይሆናል። ፍቺውም፦ የተጻፈበትን ኮድ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሠራጨው በውል የተፈቀደ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ ለመሳተፍ የግድ የፕሮግራም ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። ለምሳሌ በሊብረኦፊስ በማያ ገጽ ላይ የሚታዩት ቃላት ለትርጉም ከኮዱ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ተርጓሚው በየቃሉ አንጻር አማርኛውን ይጽፋል፤ ትርጉሙም ከሚቀጥለው እትም ጋር ለተጠቃሚው ይደርሳል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። «ሴቭ» የሚለውን ትእዛዝ አንዱ ተርጓሚ «አስቀምጥ»፣ ሌላው «አድን» ቢለው፣ ተጠቃሚው ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ይመስሉታል። ስለዚህ አዲስ ተሳታፊ አስቀድሞ ቀደምት ተርጓሚዎች የተስማሙባቸውን ቃላት ዝርዝር ይመርምር፤ ዝርዝሩ ከሌለም የመጀመሪያ አስተዋጽኦው እርሱን ማዘጋጀት ይሁን።