«ምነው እዚያ በደረሰኝ!»፦ በዩኒቨርሲቲ ምርጫ መጸጸት ከየት ይመጣል?



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ሲኤምሲ ስመለስ፣ አብረን መድረሳ ከቀራን የሰፈር ልጆች ጋር ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ተገናኘን። 12ኛ ክፍልን የተፈተንነው በአንድ ዓመት ነው፤ አሁን ግን አራታችንም በተለያየ ግቢ ነን። አንዱ እዚያው አዲስ አበባ ደረሰው፣ አንዱ ጅማ፣ አንዱ የግል ኮሌጅ ገባ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ግቢያችን። ወሬው እንደተለመደው ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ ምግብና ስለ ጂፒኤ ነበር። መሐል ላይ አንዱ «ወደ ኋላ ብትመለሱ ያንኑ ግቢ ትሞላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

የገረመኝ መልሱ ነው። ሁላችንም የቀናንበት፣ አዲስ አበባ የደረሰው ልጅ «እኔስ አልሞላም» አለ። ጠዋት ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ግቢ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ለጥናት የሚተርፍ ጉልበት የለውም። ጅማ ሲደርሰው እናቱ ያለቀሱለት ልጅ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ደስ ብሎኛል» አለ። የግል ኮሌጅ የገባው ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። መልሴ በመስጂድ በር ወሬ የሚያልቅ አልነበረም። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው፤ በተለይ ለፍሬሾች፣ ዲፓርትመንት መሙያው ለተቃረበባችሁ።

እውነት መርጠን ነው?

በብዙ አገር ተማሪው ለየዩኒቨርሲቲው ራሱ ያመለክታል፤ ከተቀበሉት መሐል አንዱን ይመርጣል። በእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ በአብዛኛው እኛ በቅደም ተከተል እንሞላለን፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና የሚሰጡ አሉ፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። የቀረነው ግን ከ40 በላይ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስማችን የወጣበት ሄደናል።

በሩም ጠባብ ነበር። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ደረሰ።

ስለዚህ «ምርጫዬ ተሳሳተ» ስንል ሁለት ነገር እየቀላቀልን ነው። አንዱ የተመደበልን ነው፤ ውጤታችንና የቦታው ብዛት የወሰነው። ሌላው እኛ ራሳችን የወሰንነው ነው፤ የትኛውን አስቀድመን እንደሞላን፣ ለምን እንደሞላን፣ ከገባን በኋላ ምን እንዳደረግን። ሁለቱን ሳይለዩ መጸጸት በሰው ዕዳ እንደመጨነቅ ነው።

ጸጸቱ የት ላይ ይበዛል?

ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሰፊ መጠይቅ፣ ወደ ኋላ ብንመለስ ከትምህርት ውሳኔያችን ቢያንስ አንዱን እንቀይራለን ያሉት 51 በመቶ ነበሩ። የትምህርት መስካችንን እንቀይራለን ያሉት 36 በመቶ፣ ተቋሙን ያሉት ደግሞ 28 በመቶ። የሚጸጸቱት እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ከግቢው ስም ይልቅ በተማሩት ነገር የሚጸጸተውም ይበልጣል።

በእኛ አገር አሠራር ይህ የበለጠ ትርጉም አለው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ነው። ፍሬሽ ላይ የሚሰጠው ማትስም ሆነ ሎጂክ እዚህም እዚያም አንድ ነው። ዲፓርትመንት የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፉክክሩም ግቢ ውስጥ ባለ ውጤት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ የትም ይማር የት የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው።

የግቢ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። አንዱ ጋ ላብ አለ፣ ሌላው ጋ ዕቃው ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ከተማ ያለ ተማሪ ኢንተርንሺፕ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያው ከግሉም ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች አልፈዋል። ግቢው መንገዱን ያቀላል ወይም ያከብዳል፤ እግሩ ግን የእኛ ነው።

በሩ ክፍት ሲመስል

እኔ የደረሰኝ አራተኛ ላይ የሞላሁት ግቢ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሻንጣዬን በደንብ ሳልፈታ ነው ያሳለፍኩት ማለት ይቻላል። ቴሌግራም ላይ «ሁለተኛ ዙር ምደባ አለ»፣ «ዝውውር ተፈቀደ» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ልቤ ይነሳል። ክላስ እቀራለሁ። ጀማዓችን ለፍሬሾች ያዘጋጀውን ቱቶሪያል እንኳ «እኔ እዚህ አልቆይም» ብዬ አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት። ዝውውሩ አልመጣም። የመጣው ጂፒኤ ነው። ዲፓርትመንት ስንሞላ ኤሌክትሪካልን አንደኛ ላይ አደረግሁ፤ ውጤቴ አልበቃም፣ ሌላ ደረሰኝ።

በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት ይህን ነገር ገለጸልኝ። ጊልበርትና ኤበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎች ፎቶ አንስተው፣ ከሁለት ጥሩ ፎቶዎች አንዱን ብቻ እንዲወስዱ ተደረገ። ለከፊሎቹ «ውሳኔው አይቀየርም» ተባሉ፤ ለሌሎቹ «በጥቂት ቀን ውስጥ መቀየር ትችላላችሁ» ተባሉ። ኋላ ላይ የያዙትን ፎቶ ይበልጥ የወደዱት መቀየር የማይችሉት ነበሩ። መቀየር እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የያዘውን ሲመረምርና ጉድለቱን ሲቆጥር ይውላል። እኔም የሌለ በር ክፍት መስሎኝ ሴሚስተሩን ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።

ስለዚህ የሰፈር ልጆች ዛሬ ደግመው ቢጠይቁኝ መልሴ ይህ ነው፦ በግቢው አልጸጸትም። በዚያ ሴሚስተር ግን እጸጸታለሁ። በተመደበልኝ ነገር ስብሰለሰል፣ ገና በእጄ የነበረው ምርጫ አመለጠኝ።

ነደም እና «ምነው ኖሮ»

ዲናችን ሁለት ዓይነት ጸጸት ለይቶ አስተምሮናል። አንዱ ነደም ነው። ዑለማዎች ከተውባ መስፈርቶች ውስጥ ይቆጥሩታል፤ ጥፋቱን ከመተውና ላለመመለስ ከመቁረጥ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ይህ ጸጸት ሰውየውን ያስነሳዋል። ሌላው «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚለው ነው። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው የአቡ ሁረይራ ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሚጠቅመን ላይ እንድንጓጓ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍ መክረውናል፤ የማንወደው ነገር ሲደርስብን ደግሞ ይህን ቃል እንድንተው፣ የሸይጧንን ሥራ ይከፍታልና። የሐዲሡን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፤ መጓጓትና መሥራት ይቀድማል፣ ቀደርን መቀበል ይከተላል። ሳይሠሩ «ቀደሬ ነው» ማለት ከሐዲሡ ግማሹን መጣል ነው።

ኢስቲኻራም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን ፎርም ከመሙላታችን በፊት ሁለት ረከዓ ሰግደን ዱዓውን እናደርጋለን፤ ከዚያ የፈለግነው ሳይደርሰን ሲቀር ኢስቲኻራችን ያልተሰማ ይመስለናል። የዱዓው መጨረሻ ግን አላህ መልካሙን የትም ይሁን የት እንዲወስንልን፣ ከዚያም በእሱ እንዲያስወድደን መለመን ነው። ያን የመጨረሻ ልመና በአፋችን ብለነው በልባችን ስንረሳው ነው ችግሩ።

የቀረን ምርጫ

የቀደሙት ደረሶች ወሎን ሲያቋርጡ፣ እንደ ዳና ወዳሉ የዒልም ማዕከላት ሲጓዙ፣ ለፊቅህ ወደ አንዱ ሸይኽ፣ ለነሕው ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር። የሚጠይቁት «ማን ምን ያቀራል?» ብለው ነው። ዲፓርትመንት ስትሞሉ ይህንኑ ጠይቁ፦

የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን አግኙ፤ ጀማዓችን ውስጥ ከሁሉም ዲፓርትመንት ወንድምና እህት አለ። ኮርሱ ምን ይመስላል? ላቡ ይሠራል? ኢንተርንሺፕ የት ወጡ? ከአምናዎቹ ተመራቂዎች ሥራ ያገኙት እንዴት አገኙ? ጓደኛ ስለሞላው ብቻ አትሙሉ። ቤተሰብን አማክሩ፤ አባትና እናት የሚያዩት እኛ የማናየው ነገር አለ።

መልቀቅ የሚያስፈልገውም አለ። ሕመም፣ የቤተሰብ ችግር፣ ወይም በፍጹም የማይሆን የትምህርት መስክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ነውር የለበትም። ብቻ ሬጅስትራር ሄዶ መንገዱን ይጠይቅ፣ ዊዝድሮው በሥርዓቱ ይሙላ፤ ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ አይጥፋ። ለራሱም ቀን ይቁረጥ፦ «እስከዚህ ቀን አጣርቼ እወስናለሁ።» ቀኑ ካለፈና እዚሁ ከሆነ፣ ሻንጣውን ይፍታ።

የዘንድሮ ፍሬሾች ቱቶሪያል ሐሙስና እሑድ ከዒሻእ በኋላ ይቀጥላል፤ ከሚያስተምሩት አንዱ እኔ ነኝ። እኔ የቀረሁበት ወንበር ላይ መጥታችሁ ተቀመጡ።

አላህ በወሰነልን መልካም ነገር ልባችንን ያርጋው፣ በእጃችን ባለውም ላይ ብርታት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።