በኮምቦልቻ ወንዝ የተገኘው ክሮሚየምና የቁጥጥሩ ጥያቄ

በደቡብ ወሎ ዞን ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉባት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ከሚቀበሉት ወንዞች አንዱ የሆነው ለዮሌ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከናም የጨፋን ሸለቆ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ጨፋ ደግሞ በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ጭምር ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰፍሩበት ነው።

ተመራማሪው እስክንድር ዝናቡና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2013 እና በ2014 የክረምት ወራት ከአምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽና ከሁለት ወንዞች ናሙና ወስደው ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ በ2018 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው የክሮሚየም መካከለኛ መጠን በሊትር 26 ሺህ 600 ማይክሮ ግራም ነበር። በለዮሌ ወንዝም ከፍሳሹ በላይ 51 ማይክሮ ግራም የነበረው መጠን ከፍሳሹ በታች ወደ 2 ሺህ 660 አሻቅቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ማይክሮ ግራም ነው። ናሙናው የተወሰደው ወንዙ በሚሞላበት ክረምት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ በበጋ ፍሳሹን የሚያቀጥነው ውኃ ያንሳል።

ጥናቱ የለካው ፍሳሽንና የወንዝ ውኃን እንጂ የከተማዋን የቧንቧ ውኃ አይደለም። በመሆኑም ጉዳዩ በቅድሚያ የሚመለከተው ወንዙን በቀጥታ ለመጠጥ፣ ለመስኖና ለከብቶች የሚጠቀመውን የታችኛውን ተፋሰስ ነዋሪ ነው።

ክሮሚየም ወደ ፍሳሹ የሚገባው ከቆዳ ማልፊያ ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚቀበለው ከጨው ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ሲሆን ቀሪው ከውኃው ጋር ይወጣል። ለማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ሦስት ሲሆን ጉዳቱ በአንጻሩ አነስተኛ ነው። ክሮሚየም ስድስት ግን በቀላሉ በውኃ የሚሟሟና በትንፋሽ ሲገባ ካንሰር የሚያስከትል ነው። የመጠጥ ውኃን ለማከም የሚጨመር ክሎሪን የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ሊለውጠው ይችላል፤ ውኃን ማፍላትም ክሮሚየምን አያስወግድም። ስለዚህ ችግሩ ክሎሪን በመጨመር ወይም ውኃን በማፍላት የሚፈታ አይደለም።

መፍትሔው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያለና ለዘርፉ ባለሙያዎች እንግዳ ያልሆነ ነው። የማልፊያው ፍሳሽ ከሌላው ተለይቶ ኖራ ሲጨመርበት ክሮሚየሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ታክሞ እንደገና ለማልፊያ ሊውል ይችላል። ይህ ሳይደረግ ሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከተቀላቀለ ክሮሚየሙን መልሶ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ተቆጣጣሪው ናሙና የሚወስደው ከቦዩ መጨረሻ ብቻ ከሆነም በሌላ ውኃ የቀጠነ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

የሕግ ክፍተት አለ ለማለት ያስቸግራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም ወጥቷል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል በ2001 ዓ.ም የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። የለዮሌ ናሙናዎች የተወሰዱት ይኸው ጊዜ ሊያበቃ በተቃረበበትና ባበቃበት ወቅት ነው። አጥኚዎቹም አግባብ ያለው ሕግ እያለ ፍሳሹን ለመቆጣጠር ግልጽ እርምጃ እንዳልተወሰደና የአካባቢ ሕግ አፈጻጸም ከኢንቨስትመንት ፖሊሲው ጋር እንዳልተጣጣመ አመልክተዋል።