«በሁለት ሳምንት ያልቃል»፦ የድረ ገጽ ማስዋብ ሥራ ጊዜ እንዴት ይገመታል?



ባለፈው ዓመት የኮምፒውተር ክበባችን ተማሪዎች የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ በራሳቸው እጅ ሊያስውቡ ተነሡ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያይተው «ሁለት ሳምንት» አሉ። እኔም ሳላጣራ በወላጆች ስብሰባ ላይ ቃል ገባሁ። ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ። የምዝገባው ቀን በአዲሱ ገጽ ይወጣል ብለን ስለነበር፣ ከሥራ ፈቃድ ወስደው በከንቱ የተመላለሱ ወላጆች ነበሩ። ተማሪዎቹ አፈሩ፤ ማፈር የነበረብኝ ግን እኔ ነበርሁ።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? የድረ ገጽን መልክ፣ ማለትም ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና የክፍሎቹን አቀማመጥ የሚወስነው ሲኤስኤስ የተባለ ቋንቋ ነው። ሐሳቡን ኖርዌያዊው ሆኮን ዊዩም ሊ በ1994 እ.ኤ.አ. አቀረበ፤ የመጀመሪያው ደረጃም በ1996 ጸደቀ። ትእዛዙ አጭር ስለሆነ ሥራውም አጭር ይመስላል። በእርግጥ አንድ ቀለም መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ በኮምፒውተር ላይ ያማረው ገጽ በስልክ ሲከፈት ይዘበራረቃል፤ አብዛኞቹ ወላጆቻችን ደግሞ የሚያዩት በስልክ ነው። ሁለተኛ፣ ተዘጋጅተው የሚገኙ ቅጾች ብዙውን ጊዜ ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። «ምዝገባ» የሚለው ቃል የገባበት ቁልፍ «የተማሪዎች ውጤት ማሳወቂያ» ሲጻፍበት ሞልቶ ይፈሳል። በእንግሊዝኛ ርእስን በትልልቅ ሆሄ መለየት ይቻላል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሌላ መለያ መፈለግ ያሻል። ሦስተኛ፣ ሥራው አለቀ ከተባለ በኋላ አስተያየት ይመጣል። «አርማው ትንሽ ከፍ ይበል» ያልሁት እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ ነው።

ሰው ያለፈ ልምዱ እያስጠነቀቀው እንኳ የራሱን ሥራ ጊዜ አሳንሶ እንደሚገምት ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1970ዎቹ ጽፈዋል። ስለዚህ መፍትሔው ተማሪን «ሰነፍ» ማለት ሳይሆን አገማመቱን ማስተካከል ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለትልቅ ፕሮጀክት የተጠቀመበት ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ግምት ይያዛል፦ ሁሉ ነገር ከቀና፣ እንደ ወትሮው ከሆነ፣ ከተበላሸ። የወትሮው በ4 ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለ6 ይካፈላል። ሥራችንን በዚህ መልክ ከፋፍለን አሰላነው፦

• የማውጫው ቁልፎች፦ 2፣ 4፣ 12 ሰዓት፤ ውጤቱ 5
• የስልክ አቀማመጥ፦ 4፣ 8፣ 24 ሰዓት፤ ውጤቱ 10
• የአማርኛ ፊደል ቅርጽና መጠን፦ 1፣ 2፣ 9 ሰዓት፤ ውጤቱ 3
• የትምህርት ፕሮግራም ሠንጠረዥ፦ 3፣ 5፣ 13 ሰዓት፤ ውጤቱ 6

ድምሩ 24 ሰዓት ነው። ለሁለት ዙር አስተያየት 8 ሰዓት ስንጨምር 32 ይሆናል። ክበቡ በሳምንት የሚሠራው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስድስተኛው ሳምንት ሳይነካ አያልቅም። የፈተናውን ሳምንት ብንጨምርበት ሰባት! ስሌቱን ቀድመን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ማንም ወላጅ በከንቱ ባልተመላለሰ ነበር።

ዘንድሮ ሦስት ደንብ አውጥተናል። ግምት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ለናሙና ይሠራል፤ የፈጀው ሰዓትም ይመዘገባል። ግምት የሚነገረው በሰዓት ነው፤ ወደ ቀን የሚለወጠው የክበቡ መርሐ ግብር ታይቶ ነው። እንደ ምዝገባ ቀን ያለ አስቸኳይ መረጃ ደግሞ የገጹን ውበት አይጠብቅም፤ በአሮጌው ገጽም ቢሆን ወዲያው ይወጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። ታላቅ ሰው «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ደስ ለማሰኘት ብላችሁ አትመልሱ። «አስልተን ነገ እንንገርዎ» ማለት ነውር አይደለም። እኔም ነገን መጠበቅ ተምሬአለሁ።