ሕመሙ ጠፋ፣ ፋንድያውስ?

ጊዮርጊስ ጋ ያለው፣ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ፈረስ ነሐስ ነው፤ አያመውም። የቢሾፍቱ የጋሪ ፈረስ ግን ያመዋል።

ለከባድ ሕመም የፈረስ ሐኪሞች እንደ ሞርፊንና ቡቶርፋኖል ያሉ መድኃኒቶችን ይሰጣሉ። ችግሩ ሕመሙን ሲያደነዝዙ አንጀቱንም ማዘግየታቸው ነው። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱ ከታሰረ ቁርጠት ይይዘዋል፣ ቁርጠት ደግሞ ፈረስ ይገድላል። አንዳንዱም ይረጋጋል ሲባል ይቅበጠበጣል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከመርፌው በኋላ ሆዱን የሚያዳምጠው፣ ፋንድያ መጣሉን የሚከታተለው።

መድኃኒቱን ፈርቶ መተውም አያዋጣም፤ ሕመም ራሱ ፈረስን ከመኖ ያስቀራል።

ለባለጋሪው ፈረሱ ካፒታሉ ነው፤ አንድ ቀን ከቆመ ገቢው ዜሮ። የሰው ትራማዶል ሰጥቶ መሞከር ያጓጓል። ግን ካፒታላችሁን አትቆምሩበት። ሕመሙ ሲጠፋ ፋንድያውም ከጠፋ፣ «ዳነልኝ» ሳትሉ ለሐኪም ደውሉ።