ዓይን የፈረደበት ክርን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1995 በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ስታዲየም ከ50,000 የሚበልጥ ተመልካች ተገኝቶ ነበር። የስሪላንካው የ23 ዓመት ወጣት ሙቲያ ሙራሊታራን ኳሷን ሲለቅ ዳኛው ዳሬል ሄር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጥፋት መሆኑን ተናገሩ። በሦስት ኦቨር፣ ማለትም በሦስት ዙር የኳስ ልቀት ውስጥ፣ ይህንኑ ሰባት ጊዜ ደጋገሙት። ወጣቱ የተከሰሰው ኳሷን “ወርውረሃል” ተብሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪኬት በአገራችን ብዙም ስለማይታወቅ መወርወር እንዴት ጥፋት እንደሚሆን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ቦውለር የሚባለው ተጫዋች ከሦስት የእንጨት ዘንጎች ወደ ተሠራው ዊኬት ኳስ ይልካል፤ በዊኬቱ ፊት የቆመው መቺ ደግሞ በጠፍጣፋ ዱላ ይመልሳታል። ቦውለሩ ክንዱን በትከሻው ዙሪያ አዙሮ ኳሷን ይለቃታል እንጂ እንደ ድንጋይ አይወረውራትም። የሁለቱ ልዩነት ያለው ክርን ላይ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት፣ ኳሷ ከእጅ ከመውጣቷ በቀጥታ በሚቀድመው የክንድ ዙር ውስጥ የታጠፈ ክርን መዘርጋት የለበትም። ልብ እንበል፤ ሕጉ የሚከለክለው መታጠፉን ሳይሆን መዘርጋቱን ነው። ምክንያቱ ከሜካኒክስ የመጣ ነው፤ ክርን በመጨረሻዋ ቅጽበት ሲዘረጋ ትከሻ በሰጠው ፍጥነት ላይ ሌላ ፍጥነት ይጨምራል።

ሙራሊታራን በ1972 ኮረብታማ በሆነችው የካንዲ ከተማ ተወለደ። በቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ሲማር በመጀመሪያ ኳሷን በፍጥነት ከሚለቁት ወገን ነበር። በ14 ዓመቱ ገደማ ግን አሠልጣኙ ሱኒል ፈርናንዶ ወደ ስፒን እንዲዞር መከሩት። ስፒን ኳሷን በዝግታ፣ ነገር ግን እያሾሩ መልቀቅ ነው፤ የምትሾረው ኳስ መሬት ስትነካ ሰበቃው አቅጣጫዋን ያስቀይራታል። የእርሱ ዓይነት ስፒን የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ቦውለሮች ኳሷን በጣቶቻቸው ሲያሾሩ፣ እርሱ ግን እጅግ ተጣጣፊ በሆነው የእጅ አንጓው ጭምር ያሾራት ነበር። በ1992 ኮሎምቦ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር የመጀመሪያውን ቴስት፣ ማለትም ቀናት የሚፈጀውን የአገሮች ግጥሚያ፣ ሲጫወት ዕድሜው 20 ነበር። ሌላም ነገር ነበረው፤ ቀኝ ክርኑ ከተፈጥሮው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

በሜልቦርን የቡድኑ አምበል አርጁና ራናቱንጋ ቦውለሩን ወደ ሌላኛው የሜዳው ጫፍ አዛወሩት። ከዚያ በኋላ ያው ክንድ ብዙ ኦቨር ሲለቅ አንድም ጥፋት አልተጠራበትም። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ብሪስቤን ላይ ሌላ ዳኛ እንደገና ጠሩበት። እንግዲህ ዳኞቹ ያዩት ምን ነበር?

አንባቢ ይህን በቤቱ ሊሞክር ይችላል። አንድ ሽቦ በመካከሉ ጥቂት አጥፎ በሻማና በግድግዳ መካከል በቁሙ ይያዝ። እጥፋቱ ወደ ጎን ሲያመለክት በግድግዳው ላይ የሚታየው ጥላ የታጠፈ ነው። ሽቦውን እንደቆመ ቀስ ብሎ ቢያዞረውና እጥፋቱ ወደ ሻማው እንዲያመለክት ቢያደርግ፣ ጥላው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የተዘረጋው ጥላው እንጂ ሽቦው አይደለም። በዓይናችን ውስጥ የሚቀረጸውም ምስል እንደ ግድግዳው ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ዓይን መኖሩ ጥልቀትን ለመለየት ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ከሜትሮች ርቀት፣ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ ለሚፈጸም እንቅስቃሴ ይህ እርዳታ እምብዛም ነው። የሙራሊታራን የታጠፈ ክንድ በትከሻው ላይ ሲዞር የሽቦውን ዓይነት ጥላ ይሠራ ነበር።

በ1996 በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲና በሆንግ ኮንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመረመረ። አንድ ካሜራ አንድ ጥላ ብቻ ይሰጣል፤ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ ምስሎች ሲጣመሩ ግን የክርኑን እውነተኛ ማዕዘን ማስላት ይቻላል። “ይወረውራል” የሚያሰኘው የዓይን መታለል ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ተደረሰ።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። ለእኔ ግን የበለጠ የሚስበው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሙራሊታራን ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ የምትዞር፣ ዱስራ የምትባል ኳስ መልቀቅ ጀመረ። በ2004 ይህች ኳስ ስትለካ ክርኑ በ14 ዲግሪ ያህል እንደሚዘረጋ ታወቀ፤ ለስፒን ቦውለሮች በጊዜው የተፈቀደው ደግሞ 5 ዲግሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር የዓይን መታለል ነው ማለት አይቻልም ነበር። በዚያው ዓመት ክርኑ እንዳይንቀሳቀስ በብረት በተጠናከረ ማሰሪያ አስሮ በካሜራ ፊት ኳስ በመልቀቅ ተከራከረ። ይህ ዘዴ ተመልካችን ቢያስደንቅም፣ ሳይታሰር ምን እንደሚያደርግ አያሳይም።

ነገሩ የተለወጠው ሌሎቹም ቦውለሮች ሲለኩ ነው። እንከን የለሽ ይባሉ የነበሩት ሳይቀሩ፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ክርናቸውን በጥቂት ዲግሪ ይዘረጉ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት የሚዞር ክንድ እንደ ብረት ዘንግ ደርቆ አይቀርም። በ2005 ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ለሁሉም ቦውለሮች 15 ዲግሪን ወሰነ። ቁጥሩ የተመረጠው መዘርጋቱ በዓይን መለየት የሚጀምረው በዚያ ገደማ ነው በሚል ነው። ሕጉ ለአንድ ሰው ሲባል ተቀየረ ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ይህ ትችት በሌሎቹ ክንዶች ላይ ለተገኘው ልኬት መልስ አይሰጥም።

መቺውን ከጨዋታ ማስወጣት “ዊኬት ማግኘት” ይባላል። በጁላይ 2010 በጎል ከተማ ሙራሊታራን ከህንድ ጋር የመጨረሻ ቴስቱን ሲጫወት፣ በቴስት ዘመኑ የመጨረሻ የሆነችው ኳስ 800ኛውን ዊኬት አስገኘችለት።